አምስት ቀን ያለ ጃሙ

ቡ ዉርያን የበሽተኛን አፍ ከማየቷ በፊት እግሩን ታያለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሱምቢንግ ተራራ ግርጌ ባለችው ጤና ጣቢያ ጥርስ ስትነቅል የተማረችው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሰዉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ስለሚገባ፣ ወንበሩ ላይ ሲጋደም የእግሩ ጣቶች ፊት ለፊቷ ናቸው። "ያምዎታል?" ስትለው "የለም፣ ቡ ዶክተር" ይላል፣ እንደ እመቤት "ቡ" ብሎ አክብሮ። ማደንዘዣው ገና ሳይዝለት፣ ሕመሙ አጥንቱ ድረስ እየዘለቀም ቢሆን መልሱ "የለም" ነው። ሐኪምን ማሳፈር ነውር ነዋ። ጣቶቹ ግን ይሉኝታ አያውቁም። እነሱ ወደ ውስጥ ከታጠፉ መንቀያውን ታስቀምጥና አንድ መርፌ ትጨምራለች።

ይህን በጽሑፍም አስፍራዋለች። የአካባቢው የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በየወሩ በሚያወጣው ቀጭን መጽሔት ላይ "ከወንበሩ አጠገብ" የሚባል አንድ ገጽ የእሷ ነው፤ ከያዘችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ትምህርታቸውን ጨርሰው በየገጠሩ የተመደቡ ወጣቶች ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። አንዱ "መግል የቋጠረ ድድ ላይ ሦስት ጊዜ ወጋሁ፣ አልደነዝዝ አለኝ" ብሎ ይጽፋል። "መግል ባለበት መድኃኒቱ ጉልበት የለውም፤ ራቅ ብለህ ነርቩን ከመነሻው ያዘው፤ እምቢ ካለህ መግሉን አፍስስና ለሌላ ቀን ቅጠር፤ ጀግና የሚፈለግበት ሥራ አይደለም" ትለዋለች። አንድ ጊዜማ ለጥርስ ሕመም ሁሉ አንቲባዮቲክ የሚያድል ሐኪም መንቀያ የከበደው ሐኪም ነው ብላ ጽፋ፣ የማኅበሩ ግማሽ ለሁለት ወር አኩርፏት ነበር። አልቆጫትም።

እሷን ያስጨነቃት ሰው ሳይሆን አንገቷ ነበር። በቀን ሠላሳ አፍ ውስጥ ሲያጎነብስ የኖረ አንገት አንድ ቀን መቃናት አልፈልግም ይላል፤ የእሷም አለ። ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ወገብ ወረደ። ቤቷ ስትገባ ማብሰሉ ቀርቶ የተበላበትን ሳህን ማንሳት ይታክታት ጀመር። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ሰማራንግ ነው የሚኖረው። ጡረታዋ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሦስት ዓመት ደግሞ በየቀኑ ሠላሳ አፍ ነው።

መላ ያገኘችው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። በየረቡዑ በሞተር ብስክሌት ጤና ጣቢያው ግቢ ድረስ እየመጣ ጃሙ የሚሸጥ ሰው አለ። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ዝንጅብሉና እርዱ ተፈጭቶ፣ አውራ ዶሮ በተሳለበት ከረጢት ታሽጎ፣ በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ። ከዘበኛው እስከ ኃላፊው የማይገዛው የለም። መጀመሪያ ያቀመሳት ረዳቷ ፓክ ጊያትኖ ነው፤ ሃያ ዓመት አብሯት የሠራ፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ ሰው።

"ቡ፣ እስቲ ይቺን ይሞክሯት። ሚስቴ ጉልበቷን ይዛ ስታለቅስ አልነበር? አሁን ጣሪያ ላይ ወጥታ የተንሸራተተውን ሸክላ ታስተካክላለች።"

"አንተ ማስተካከል ሲገባህ?"

"እኔማ ጉልበቴን ያመኛል" አለ።

በሳምንቱ አንገቷ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ከረጢት ሳትጠጣ የዋለችበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ቀላ፤ ያያት ሁሉ አማረብሽ አላት። ድካሙ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ግን ቢያንስ ቆማ ትውላለች።

ገጿ ላይ ታዲያ ስለ ጃሙ የጻፈችው አንድ ምክር ነበር፣ በየዓመቱም ትደግመዋለች። ጥርስ የተነቀለ ሰው አምስት ቀን ጃሙ አይጠጣ። ትኩስ ነው፣ ዝንጅብልና እርድ አለበት፣ የረጋውን ደም ያነሳዋል። ድሮ በማለዳ አፋቸው ደም ሞልቶ የሚመለሱት ብዙ ነበሩ፤ ይህ ምክር ከወጣ ወዲህ ቀነሱ። የአካባቢው የጥርስ ሐኪም ሁሉ ይህንኑ ለበሽተኛው ይናገራል። ቡ ዉርያን ከጻፈችው ሁሉ የምትኮራበት ይህን ነበር። እሷ ራሷ ጥርስ አልተነቀለችምና ክልከላው አይመለከታትም።

ማክሰኞ ዕለት ምባህ ዋጊየም መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ትምባሆ ሲቀነጥሱና ሲያሰጡ የኖሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ የሰፈሩ ሁሉ "ምባህ"፣ አያቴ፣ የሚላቸው። የታች መንጋጋቸው እስከ ሥሩ በስብሷል። እሑድ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ነው። ቀኑን የመረጡት ሽማግሌ ከሁለቱም ልጆች የልደት ቀን ጋር ቆጥረውና አስማምተው ስለሆነ ማንም ቢለምን አይዛወርም።

"አፌን በእጄ ይዤ ልቀመጥ ነው እንዴ ቡ ዶክተር? የሙሽራው ወገኖች ንቀውን ነው ይላሉ።"

"ስኳር አለብዎት፣ ምባህ?"

"የለም።"

"ደም ግፊትስ?"

"የለም።"

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"ምንም። ጤነኛ ነኝ፤ ፊቴን አያዩትም?"

ቡ ዉርያን አየችው። ድቡልቡል ብሎ ቀልቷል። ክንዳቸው ግን ቀጭን ነው፣ እዚህም እዚያም በልዟል። ምን ነካዎት ስትላቸው የትምባሆ ቅርጫት ነው አሉ፤ እሷም አመነች። ከደጅ ሃያ ሁለት ሰው ይጠብቃታል።

"እውነትም አምሮብዎታል" አለቻቸው።

ፓክ ጊያትኖ መርፌውን እያቀበለ፣ "እሑድ የሚዳሩት እርስዎ ነዎት እንዳይሉኝ ብቻ" አለ።

"ዝም በል አንተ። ጥርስ የሌላት ሙሽራ የት አየህ?"

ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው። ጣቶቻቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልታጠፉም። ቡ ዉርያን ደም የሚመጥጠውን ጎዝ አስነከሰቻቸውና የሁልጊዜውን ነገረቻቸው። ትኩስ አይጠጡ፣ አይትፉ፣ በዚያ በኩል አያኝኩ። ጃሙ ደግሞ አምስት ቀን የለም።

"አንዲት ጠብታ እንኳ፣ ምባህ።"

"አንዲት ጠብታ እንኳ" አሉ ጎዙን እንደነከሱ፤ ጎንበስ ብለው አመስግነው ወጡ። ቡ ዉርያን ቀጣዩን ጥራ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፓክ ጊያትኖ ዘግይቶ ገባ። እንደ ልማዱ ሳይቀልድ ጓንቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ቡ፣ ምባህ ዋጊየም ሆስፒታል ናቸው። ትናንት ከጁምዓ ስንወጣ ነው የሰማሁት። ወድቀው ወሰዷቸው።"

"ምን ሆነው?"

"ጥርሱ ነው ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ሁሉም" አለ ወለሉን እያየ። "ሙሽራውን አምጥተው እዚያው አልጋቸው አጠገብ ኒካሁን ሊያስሩ ነው እየተባለም ነው።"

እንዲህ የሚደረገው ተስፋ ሲቆረጥ ነው፤ አያት የልጅ ልጃቸውን ጋብቻ ሳያዩ እንዳይሄዱ። ቡ ዉርያን ወረፋውን ለማየት ወደ ደጅ ወጣች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጇ ወጥቶ የሞተ ሰው የለም። ፊታቸው ያበጠ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን አከመች፣ ሌላውን ለሰኞ አስቀጠረች፣ ከዚያ የጊያትኖ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጠጠች። አርባ ደቂቃ ሙሉ መርፌውን፣ መንቀያውን፣ ጎዙን በሐሳቧ አንድ በአንድ ስታገላብጥ ሄደች። ስህተት አላገኘችም፤ አለማግኘቷ ግን አላረጋጋትም።

የምባህ ልጅ ሱቲናህ ከአልጋው አጠገብ ብድግ ብላ እጅ ነሳቻት። "ይቅርታ ቡ ዶክተር፣ በሥራ ቀን አስቸገርንዎት" አለች። ቡ ዉርያን ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ተረኛው ዶክተር ራጋ የሚባል ወጣት ነው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ከትናንት ጀምሮ ወደ ቤቱ አልሄደም። "ከጥርሱ የተነሣ ኢንፌክሽን ደማቸው ውስጥ የገባ ይመስለኛል" አላት፣ ከማክበር ብዛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሦስት ከረጢት ፈሳሽ ሰጥቻለሁ። ጠንካራ አንቲባዮቲክ ሰጥቻለሁ። ግፊታቸው አልነሳ አለኝ። ስኳራቸውም እየወረደ ነው።"

እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀችና በስልኳ መብራት የምባህን አፍ አየች። ደሙ በደንብ ረግቶ ይዟል። እብጠት የለም፣ መግል የለም፣ ሽታ የለም። ተማሪ ይየው ብላ የምታሳየው ዓይነት ጉድጓድ ነው።

"ከጥርሱ አይደለም" አለች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አላት። ምባህ ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸው ተኝተው፣ እሷ ግን "ከኔ አይደለም" ብላ በውስጧ ተነፈሰች። ቦርሳዋን አንስታ፣ አላህ ይማራቸው ብላ መሄድ ትችል ነበር። ማንም አይይዛትም።

"እንግዲያ ምንድነው?" አለች ሱቲናህ። "እኛማ ካሉን አንድም አላጎደልንም። ትኩስ አልጠጡም፣ አልተፉም። ሦስት ዓመት ጠዋትና ማታ ሲጠጡት የኖሩትን ጃሙ እንኳ ከማክሰኞ ጀምሮ አልነኩም። ሐሙስ ማስመለስ ሲጀምራቸው እኔ ጥርሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"የቱን ጃሙ?"

ሱቲናህ ከፌስታሏ ውስጥ አውጥታ አሳየቻት። ከረጢቱ ላይ አውራ ዶሮ አለ።

ቡ ዉርያን ባለፈው ዓመት ልጇን ልትጠይቅ ሰማራንግ መሄዷ ትዝ አላት። ከረጢቶቿን ቤት ረስታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ስትቆም ዓይኗ ይጨልማል፣ ያስመልሳታል። ምራቷ ደንግጣ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰ ብላ ነበር። ቤቷ እንደተመለሰች አንድ ከረጢት በጥብጣ ጠጣች፤ ብዙም ሳይቆይ ተነሥታ ሩዝ ጣደች። ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ ስታወራው የኖረችው ጃሙውን ለማሞገስ ነው። የወደቀን ሰው በዚያ ፍጥነት የሚያነሣ ሥር የትኛው ነው ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም።

መልሱን የማታውቅ ሆና አይደለም። አንዳንድ የጃሙ ዱቄት ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ብርቱ መድኃኒት ተደብቆ ይጨመራል የሚል ደብዳቤ ከበላይ ሲመጣ ፈርማ ትቀበላለች። እሱን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ፊቱ ይሞላል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ክንዱ ይበልዛል። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ የራሷን ማምረት ትተዋለች። ከዚያ በድንገት ሲቋረጥ፣ ያውም ቁስል ባለበት ሳምንት፣ ሰውነትን ደግፎ የሚያቆም ነገር ይጠፋል። ተማሪ ሳለች ተፈትናበታለች፤ ገጿ ላይም አንድ ጊዜ ጠቅሳዋለች። የጠቀሰችው ግን የማታውቀው ሰው ስለሚሸጠው ጃሙ ነበር። የረቡዑ ሰውዬማ እየሳቀ የሚመጣ፣ የልጆቹን ስም የምታውቅ ሰው ነው።

ዶክተር ራጋን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጋ ነገረችው።

"ጃሙ እኮ ነው፣ ዶክተር" አለ ግራ ገብቶት። "እናቴም ትጠጣለች። ኢንፌክሽን ቢሆንና ስቴሮይድ ብወጋቸው፣ አለቃዬ ምን ይለኛል?"

ቡ ዉርያን ቦርሳዋን ከፈተች። የራሷን ከረጢት አውጥታ ከሱቲናህ ከረጢት አጠገብ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷ ላይ ሦስት ቦታ በልዟል።

"ሁለት ዓመቴ ነው። ፊቴን እየው፤ ይህ ምቾት አይደለም። ጃሙውን ያቁሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለአለቃህ ደውልና ስሜን ንገረው፤ መዝገባቸውም ላይ ጻፈው።"

ወጣቱ ከረጢቶቹን አየ፣ ክንዷን አየ፣ ደወለ። መርፌው ከሩብ ሰዓት በኋላ ተሰጠ።

የሚቀጥሉትን ሁለት ሰዓታት ቡ ዉርያን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የግፊት መለኪያውን ቁጥር ስታይ አሳለፈች። ፓክ ጊያትኖ ሻይ አመጣላት፣ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አመጣ፣ እሱም ቀዘቀዘ። ቁጥሩ በመጀመሪያ አልተነቃነቀም። በኋላ ትንሽ ከፍ አለ፣ ቆይቶ እንደገና ከፍ አለ። ወደ አሥር ሰዓት ምባህ ዓይናቸውን ገለጡና የሙሽራዋ ልብስ ወገቡ ላይ ጠበበ ወይስ ልኳ ሆነ ብለው ጠየቁ። ሱቲናህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ዶክተር ራጋ ስትወጣ ተከተላት። "እርስዎም በድንገት እንዳያቆሙ። ሰኞ ይምጡና በክኒን ተክተን ቀስ እያልን እንቀንሳለን። ወራት ይፈጃል። ልደብቅዎ አልፈልግም፣ ሲቀንስ ድካሙ ይመለሳል።"

"መቼ ሄዶ ያውቅና" አለችው።

እሑድ ጠዋት ወረቀት ይዛ ተቀመጠች፤ መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። "አንዲት ባልደረባችን" ብላ ጀመረች። አነበበችው። ቀሽም ሰው የጻፈው ይመስላል። ሰረዘችውና እንዲህ አለች፦

"ጃሙ ለአምስት ቀን ይከልከል ስል አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት እኔ፣ በዚህ ሳምንት በዚሁ ምክር አንዲት እናት ልገድል ነበር። የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ የለም ይሏችኋል፣ እነሱም አልዋሹም። ጠዋት ምን ይጠጣሉ፣ ስንት ዓመት ሆነዎት፣ የቀረብዎት ቀን ምን ይሰማዎታል ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱ የሞላ፣ ክንዱ የሳሳና የበለዘ ሰው ካያችሁ ደህና ነዎት ብላችሁ አትለፉ። መንቀያውን አስቀምጡ፣ አቁሙ አትበሉ፣ መጀመሪያ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ አምሮብዎታል ብያለሁ። ራሴም ያንኑ እጠጣለሁ።" ስሟን ከሥሩ ጻፈች። ጽሑፉ ከገጹ ግማሽ አልሞላም፤ ሌላ የምትጨምረው ጉልበት አልነበራትም።

በቀትር ሆስፒታል ሄደች። ምባህ ስለዳኑ ሠርጉ ወደ ቤት ተመልሷል፤ ዘመድ ሁሉ እዚያ ነው። እሳቸው ትራስ ተደግፈው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸውን አንድ ሰው አበጥሮ አስሮላቸዋል። ከጎናቸው የሩዝ ገንፎ አለ። ቡ ዉርያን ወንበር ስባ ተጠጋች።

"ምባህ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት። እዚህ ያደረስኩዎት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ምን አደረጉኝ? ጥርሴን ነቀሉልኝ፣ ይኸው አያመኝም።"

"ጃሙው ውስጥ የተደበቀ መድኃኒት ነበር። በድንገት የተወው ሰው ይወድቃል። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሳልጠይቅ ያቁሙ አልኩዎ። ሠርጉም በኔ ነው ያመለጠዎት።"

ምባህ አሰቡበት። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰፈራቸው በኩል አዩ። የተቀየሙ አይመስሉም።

"አላህ ያለው ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይልቅ እርስዎ ፊትዎ ገርጥቷል፤ በልተዋል?"

"በልቻለሁ።"

"እኔ ግን ቃልዎን አላፈረስኩም።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። "አርብ ዕለት ስወድቅ ሱቲናህ ደንግጣ አንድ ብርጭቆ በጥብጣ አመጣች። እናቴ፣ ይህን ስትጠጪው ነው ሁልጊዜ የሚሻልሽ ብላ፣ ከንፈሬን በጣቷ ልትፈለቅቅ። እኔ የቀሩኝን ጥርሶች ግጥም አድርጌ ነከስኩ። አንዲት ጠብታ እንኳ ተብያለሁ አልኳት። ታገለችኝ፣ ልብሴ ላይ ደፋችው፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም።"

ቀና ብለው አዩዋት፤ ደህና እንዳደረጉ ሊነገራቸው ይጠብቃሉ።

"ደህና አድርገዋል፣ ምባህ" አለች ቡ ዉርያን እጃቸውን ይዛ። ያቺ ብርጭቆ እዚያው ቤታቸው ታነሣቸው እንደነበር ግን ልትነግራቸው አልቻለችም።